የአክስቴ ኪኒንና የጓደኛዬ መርፌ

አሁን መጻፍ እወዳለሁ። ብዕር ሳነሳ ቃላቱ እየተሽቀዳደሙ ይመጡልኛል፤ ደስታው ልክ የለውም። ግን የመጀመሪያው ጽሑፌ ሰው ሊገድል ነበር። ይህን ሳልናገር ስለ ሌላ ነገር ብጽፍ ወረቀቱ ራሱ የሚታዘበኝ ይመስለኛል።

መካነ ሰላም፣ እኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ቤተሰቦቿ ወግዲ ገጠር ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ነው የመጣችው። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። አባቷ ለገበያ ሲመጡ በሶና ድርቆሽ ይዘውላት ይመጣሉ። ከስንቋ ጎን፣ እርጥብ አሸዋ በሞላች ማሰሮ ውስጥ፣ የኢንሱሊን ጠርሙሷ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ፍሪጅ የላትማ። ጠዋትና ማታ ሆዷን ቆንጠጥ አድርጋ ራሷን ትወጋለች። ስኳር አለባት። ቀጭን ናት፤ ጣፋጭ ነገር ስትበላ አይቻት አላውቅም።

አብራን የምትኖረው አክስቴም ስኳር አለባት። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ሞላ ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። እሷ ግን መርፌ አታውቅም። ኪኒኗን ትውጣለች፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ በማለዳ እስከ መናኸሪያው በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ኪኒኑን ከዓረብ አገር የሚመጣ ሰው ያመጣላታል። እኛ ሰፈር ደግሞ ከዚያ የመጣ ነገር ሁሉ፣ ብርድ ልብሱም ሳሙናውም መድኃኒቱም፣ ከእኛው ይበልጣል ይባላል። እኔም አምን ነበር።

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለ ጤና የሚጽፍ ተማሪ ሲፈልግ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ስለ ስኳር በሽታ ጻፍኩ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ አክስቴን አይቼ ብቻ ነው የጻፍኩት። የምቾት በሽታ ነው፣ ጣፋጭ የሚያበዛና የማይንቀሳቀስ ሰው ነው የሚይዘው አልኩ። ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ሳለ በድምፅ ማጉያ አነበብኩት። የራሴ ድምፅ ከአጥሩ አልፎ መንገድ ድረስ ሲሰማ ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ተጨበጨበልኝም።

ክፍል ስንገባ መርፌዋን የሚያውቅ አንድ ልጅ ከኋላ ወደ ጓደኛዬ ዘንበል ብሎ፣ «አንቺ ደግሞ በበሶ ነው እንዴ ምቾት የገባሽ?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ያ ሳቄ ነው።

ከዚያ በኋላ በሩን ዘግታ መወጋት ጀመረች። አንድ እሑድ ልብስ እያጠብን ሳለ መርፌው እንደሰለቻት ነገረችኝ። ልክሳት ፈለግሁ። ገብቼ የአክስቴን ቦርሳ ከፈትኩና አንድ እሽግ ኪኒን አወጣሁ። የዓረብ አገር መሆኑን፣ አክስቴ በዚህ ብቻ ደህና እንደሆነች ነገርኳት። እንደማመንታት አለች።

«ወላሂ በይ» አለችኝ። ክርስቲያን ናት፤ ግን እኛ አገር ነገር ሲከብድ ሁሉም ወላሂ ያስብላል።

«ወላሂ» አልኩ።

ሰኞ መርፌውን ተወችው። ማክሰኞ በውኃ አልረካ አለች፤ ከጀሪካኑ እየቀዳች ትጠጣለች፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። መድኃኒቱ መሥራት ጀምሮ ነው አልኳት፤ እንደ ሐኪም። ረቡዕ ጠዋት ያስመልሳት ጀመር። ዳገት የወጣች ይመስል በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ፍሬ ይሸታል። አክስቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየቻት። መርፌሽን ተወግተሻል ወይ ስትላት ልጅቷ እኔን አየችኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። አክስቴ አልጮኸችብኝም፤ ሻርፗን ጣል አድርጋ ባጃጅ ልታስቆም ወጣች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል ግሉኮስ መስሎኝ ነበር የሚሰቀልላት። ሲስተሯ ግን ጨዋማ ውኃና ኢንሱሊን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ቀጥላም ለእኔና ለአክስቴ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። አክስቴ ዓይነት ሁለት ናት፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን ይሠራል፣ ግን በደንብ አይታዘዘውም። ኪኒኑ፣ የምግብ ጥንቃቄውና እርምጃው ያግዟታል፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለውም ሰው መርፌ ያስፈልገዋል። በእርግዝና ጊዜ ብቅ የሚል ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱም ክትትል ይፈልጋል። ጓደኛዬ ግን ዓይነት አንድ ናት። ቆሽቷ ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል፤ ምቾትም ጣፋጭም አላመጣባትም።

«መርፌዋን የሚተካ ኪኒን የለም» አለች ሲስተሯ። «ነገ ብትመጡ ኖሮ...» ብላ አልጨረሰችውም።

በማግስቱ አባቷ መጡ። ልጃቸው ዓይኗን ገልጣ ስላገኟት ትከሻዬን ይዘው፣ እግዜር ይስጥሽ፣ እህት ሆንሻት አሉኝ። ከእንግዲህ ግን የሚጠብቃት ስለሌለ ወደ ቤቷ እወስዳታለሁ፣ ትምህርቱ ይቅርባት አሉ። ዝም ብል ምስጋናው ለእኔ፣ ቅጣቱ ለእሷ ሊሆን ነው። መሬት መሬት እያየሁ፣ «አባባ፣ መርፌውን ያስተውኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። በድምፅ ማጉያ ያነበብኩትንም፣ የክፍሉን ሳቅም፣ ኪኒኑንም ነገርኳቸው።

ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አሁንስ በሽታውን ታውቂዋለሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ በዚያው በጮኽሽበት መናገሪያ ንገሪያቸው። ሲስቁባት አይደል የተወችው?» አሉ። ስለ ትምህርቱ ምንም አልጨመሩም፤ ለገበያ ሲመለሱ ግን ስንቋን ይዘው መጡ።

አዲሱን ጽሑፍ ለእሷ ነበር መጀመሪያ ያሳየሁት። ገጹን ሙሉ ይቅርታ ነበር የጻፍኩት። ብዕሬን ተቀብላኝ የላይኛውን ግማሽ ሠረዘችው።

«ይሄ ስላንቺ ነው» አለችኝ። «ተማሪው ፀሐይ ሲመታው መስማት ያቆማል። መጀመሪያ ኢንሱሊን እንደማይቋረጥ ንገሪያቸው፤ ለቅሶሽን ወደ መጨረሻ አውርጂው።»

እንዳለችኝ አድርጌ ጻፍኩት። ሰልፉ ፊት ለፊት ከአጠገቤ ቆመች። ድምፅ ማጉያውን ከመክፈቴ በፊት ወረቀቱን አይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ወላሂ በይ» አለችኝ።

ይህኛውን ወረቀት ቀድሜ ለሲስተሯ አስነብቤ ነበር። «ወላሂ» አልኩ።