ከአየርላንዷ እመቤት በታች

የከተማችን ባቡር ቢከን ሂል ሰፈር መቆም በጀመረ በዓመቱ ገደማ፣ ልጄ ከእጮኛዋ ወላጆች ጋር ልታስተዋውቀን ወሰደችን። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ በሩን አልከፈተችም።

«አባዬ፣ ዛሬ ካበላሸህ ሠርጌ ላይ እንዳትመጣ። ኦኬ?»

ሚስቴ ከኋላ ሆና ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ አልጣመኝም።

የእጮኛዋ አባት ገና ኮታችንን ሳናወልቅ ግድግዳው ፊት አቆመን። ከጣሪያ እስከ ወለል የዘር ሐረግ ተሰቅሏል። አናቱ ላይ በመካከለኛው ዘመን የኖረች አንዲት የአየርላንድ እመቤት አለች፤ ከእርሷ እስከ እርሱ ሃያ ትውልድ።

«አንተ አያትህን ታውቃለህ?» አለኝ እየሳቀ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ማቀዝቀዣ መጠገን ከመጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ እዚህ በሰው አገር፣ ሶዶ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ በምሳ ሰዓት ከመዝገበ ቃላት ተምሬያለሁ። አስተማሪ የለኝም፤ አላስፈለገኝም። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ ሐረጉን ወደ ላይ፣ ከእመቤቲቱ ስም በላይ በደቃቅ ፊደል እስከ ተጻፉት አያቶች ድረስ አነበብኩት። የእመቤቲቱ ቅድመ አያትና የባሏ ቅድመ አያት አንድ ሰው ነበሩ።

«በኛ አገር ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠራል» አልኩት። «ያንተ እመቤት በሦስት ቤት ዘመዷን ነው ያገባችው። ነውር ነው።»

ፊቱ ቀላ። «ገዳም ያሠራች ሴት ናት!»

«ለንስሐ ይሆናላ።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ደረቴ ላይ ገፋው። «በል ያንተን ጻፍ።»

ጻፍኩ፤ ሳላመነታ፣ በላቲን ፊደል፣ እንደ ታተመ አድርጌ። በቀኝ የኔን ሰባት፣ በግራ የሚስቴን ሰባት። እሱ እስከ አያቱ እንኳ ያለ ግድግዳ አይቆጥርም።

ሚስቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዘችው።

«የኔን ሰባተኛ የት ጣልከው?»

«ሰባት አሉ፤ ቁጠሪ።»

«ዘለህ ስምንተኛውን ጨምረህ ነዋ! ስንጋባ ለሽማግሌዎቹም እንዲሁ ነበር የቆጠርክላቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንን እፈራለሁ?»

የእርሷ ሰባተኛ የኔም ሰባተኛ ናቸው። ያኔ ብናገር ልጃቸውን አይሰጡኝም ነበር። ሠላሳ ዓመት አንድ ስም ደብቄ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ይህንንም ማንም ሰው አይችለውም።

ልጄ ወደ በሩ እያየች «አባዬ፣ ወይ ጻፈው ወይ እንሂድ» አለች። ወደ ቤት ከሄድን ሠርጉ እንደሚቀርብኝ ገባኝ። እስክሪብቶውን አነሣሁና ስሙን በሚስቴም በኩል ጻፍኩት። ሰውየው አንዱን ስም በሁለቱም በኩል ሲያይ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ሰውየውና እኔ እስከ ዛሬ ሰላምታችን በአንገት ብቻ ነው። ወረቀቴን በፍሬም አድርጎ ከእመቤቲቱ ሐረግ ሥር ሰቅሎታል፤ የተደገመውን ስም በቀይ አክብቦበት። ለበዓል በሄድን ቁጥር እዚያ ፊት ለፊት ያስቀምጠኛል። ቀና ብዬ አየዋለሁ። በዚያ ግድግዳ ላይ ካለው ጽሕፈት ሁሉ የኔ ያምራል።