ፈረሴን ያስጾምኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው አረፋ ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለሼኻችን አልነገርኩም፣ ለራሱ ለፈረሱም ቢሆን ጆሮው ስር ሹክ አላልኩትም። ዛሬ ደግሞ ሙሉውን፣ ከነነውሩ፣ ለእናንተ ልናገር። የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መርሳ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነኝ። ከግራና ገበያ እህልና ማንጎ እጭናለሁ፣ ሰው እጭናለሁ፣ ሙሽራም እጭናለሁ። ፈረሴ ሸጋው ይባላል። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ሲራመድ መንገዱ የአባቱ ይመስለዋል። ወረዳችን ሐብሩ ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሁሉ ሸጋውን ካላመጣህ ይለኛል። እኔም በእሱ ስኮራ ለጉድ ነው።

አያ ይማም አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። ሸጋውን ከእኔ እኩል ይወዱት ነበር። ጠዋት ጋሪ ስጠምድ አጥሩን ተደግፈው ያዩታል፣ ያወድሱታል። ረመዳን ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት "ይሄ ፈረስ እኮ ታይቶ አይጠገብም" አሉና ማሻአላህ ሳይሉ ሄዱ። አንድን ነገር አድንቆ ማሻአላህ አለማለት እኛ ዘንድ ዓይን ያመጣል ይባላል፣ እንደ ቀልድ አይታለፍም። ሽማግሌ ናቸው፣ ረሱት። እኔ ግን አልረሳሁትም።

ረመዳን ገባ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ጨጓራ አለብኝ፤ ስራብ ያቃጥለኛል። ስለዚህ ስጾም ምግብ የሚባል ነገር እንዳላስታውስ ሥራ ላይ እወድቃለሁ። በሌላው ጊዜ ምሳዬን ስበላ ለሸጋው ድርቆሽ እጥልለታለሁ። ረመዳን ላይ እኔ ምሳ የለኝም፤ እኔ ከሌለኝ እሱም የለውም፣ በቃ። ከሱሑር በኋላ ጎህ ሲቀድ እጠምደዋለሁ፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ እፈታዋለሁ። ሳፈጥር ደግሞ ለካሳ ያህል ገብሱን እከምርለታለሁ። ጋሪ ማቆሚያው ላይ "ፈረስህ ጾመኛ ሆነ" ብለው ሲያሾፉብኝ "ከእናንተ እሱ ይሻላል" እላቸው ነበር። እንስሳ ጾም እንደሌለበት አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ። አላሰብኩትም። እኔ ስጾም እሱን አስጾምኩት።

ጾሙ ሳይፈታ ሸጋው ተለወጠ። ጥርሱን ያፋጫል። ያዛጋል። ገብሱን አሽትቶ ይተወዋል፣ ሳር ካገኘ ግን ይለቅማል። ያ ጨዋ ፈረስ የሆዱን ጠፍር ሳጠብቅ ዞሮ ሊነክሰኝ ይቃጣዋል። የሚያበራው ጸጉሩ ደበዘዘ። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ጋሪ ማቆሚያው መሀል ቆሜ፣ አፌን ሞልቼ፣ አያ ይማም በዓይናቸው በሉት አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። አያ ይማም ሲያልፉ ሰዉ ጥጃውን ይከልል፣ ሕጻኑን በነጠላ ይሸፍን ጀመር።

አንድ ቀን ሸጋው ገብስ እንደቀመሰ ተጋድሞ ወደ ጎኑ እያየ ሲያቃስት ጊዜ የእንስሳት ሐኪሟን ጠራሁ። ወልድያ ያደገች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ድዱን አየች፣ ሆዱን አዳመጠች፣ ምን እንደሚበላና መቼ መቼ እንደሚበላ ጠየቀችኝ። ስነግራት ሳቋ ጠፋ። ጨጓራ ነው አለችኝ። አሁን ደግሞ እኔ ሳቅኩ። ፈረስን ጨጓራ ይይዘዋል? ጨጓራማ የእኔና የቢሮ ሰዎች በሽታ ነው።

እሷ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የፈረስ ጨጓራ በላም አልበላም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፤ ቀኑን ሙሉ ሳር ሲነጭ የሚውለውም ለዚህ ነው። ባዶ ሆዱን ሲሮጥ አሲዱ ወደ ላይ እየተረጨ ጨጓራውን ይልጠዋል፣ ማታ የሚከመርለት ገብስ ደግሞ ያባብስበታል። እርግጡን ለማወቅ ውስጡን በካሜራ ማየት ይፈልጋል፣ እሱ እዚህ የለም፣ ምልክቶቹ ግን በቂ ናቸው አለች። የራሴን የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ ከኪሴ ላወጣለት ስል እጄን ያዘችኝ። ለሰው የተለካ ፍሬ ለእሱ አይሆንም፣ በራስህ ሐሳብ እንዳትሰጠው፣ ማስታገሻም እንዳታስወጋው፣ ቁስሉን ያባብሰዋል አለችኝ። መድኃኒቱን በክብደቱ አስልታ ከደሴ አስመጣችለት፤ ጠዋት ከመብላቱ በፊት የሚሰጥ። ከሥራ አረፈ። ድርቆሽ ከፊቱ አይጥፋ፣ አልፋልፋ የሚባለውን መኖ ጨምርለት፣ ገብሱን ቀንሰህ በትንሽ በትንሹ ስጠው፣ ወደፊትም ሆዱ ባዶ ሆኖ እንዳትጠምደው አለች።

ያንን ቃጠሎ እኮ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በራሴ ሆድ የማውቀውን በእሱ ሆድ እንዴት አጣሁት?

ሸጋው ዳነ። ወላሂ፣ ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! መጀመሪያ ማዛጋቱን ተወ፣ ከዚያ ገብሱን ጠርጎ በላ፣ ከዚያ ጠፍሩን ሳጠብቅ ዝም ብሎ ቆመልኝ። የግራናን መንገድ ጆሮውን አቁሞ በሶምሶማ ሲይዘው ጋሪው ላይ ቆሜ ዘፈንኩ። ተሳፋሪዎቹ በአላህ ይዘንብብናል፣ ዝም በል ብለው ለመኑኝ። አላልኩም።

ሰዉ ግን ከዓይን ተረፈ ይል ነበር። እኔም እውነቱን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል እንኳ ምን ነበረበት።

የዚያው ዓመት አረፋ ደረሰ። በዒድ ቀን አውፍ መባባል፣ ይቅር መባባል፣ ወጋችን ነው። አያ ይማም፣ አባቴን የሚያክሉት ሰው፣ ደጄ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው አላዩኝም። "ልጄ፣ ሳላውቀው ፈረስህን ጎድቼብሃለሁ። አውፍ በለኝ" አሉ። እኔስ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አውፍ ብያለሁ፣ አያ" አልኳቸው። በደሉ የእኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ። ከዚህ የባሰ ዓይን አውጣነት አለ? ስካር ነበር እንዳልል አልጠጣም። ልጅነት ነበር እንዳልል ጢሜ ሸብቷል።

ከዚያ ወዲያ አያ ይማም የገዛ ዓይናቸውን የሚፈሩ ሰው ሆኑ። ሸጋው ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ዱዓ ሲያደርጉላት የኖሩት የመጀመሪያዋ የልጅ ልጃቸው ተወለደች። አላያትም አሉ። አንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ እሷ ካለችበት ክፍል አይገቡም፤ ስታለቅስ ከግድግዳው ወዲህ ሆነው ያዳምጧታል። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

ባለፈው አረፋ ከሶላት መልስ ቤታቸው ገባሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ረመዳኑን፣ ገብሱን፣ ሐኪሟን፣ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ያልኩትን። እስክጨርስ ሰምተው ጠየቁኝ።

"ሐኪሟ ይህን የነገረችህ መቼ ነው?"

"አውፍ ከማለቴ በፊት ነው፣ አያ።"

ከዘራቸውን አነሱ። ይገባኛል ብዬ ትከሻዬን አመቻቸሁ። ለካ ተደግፈውበት ሊነሱ ኖሯል። "ልጅቷን አምጧት" አሉ። እናትየዋ የልጅቷን ፊት ሸፍና አመጣቻት። ጨርቁን ራሳቸው ገለጡት። አዩዋት። አገላብጠው አዩዋት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አዩ። ልጅቷ ጢማቸውን ጨምድዳ ያዘች፣ እሳቸው ሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አውፍ ይበሉኝ አልኳቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ "ነገ ና። አሁን ሥራ ይዣለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወጥቼ ጋሪ ማቆሚያው መሀል ቆምኩ፣ ያን ጊዜ በጮህኩበት ድምፅ ሁሉንም ተናገርኩ። የሰደበኝ ሰደበኝ፤ ይበለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። አያ ይማም አሁንም ልጅቷን እያዩ ነበር። ነገ ና አሉኝ። እስከ ዛሬ ነገ ና እንዳሉኝ ነው። እኔም በየቀኑ እሄዳለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር እያዩዋት አገኛቸዋለሁ።