የተቀዳው ዝምታ

ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ሐኪሙ» ይለዋል። ሱቁ ከፎቅ ደረጃ ሥር ናት፤ ስፋቷ አንድ በር ተኩል ቢሆን ነው። ጎንበስ ብሎ ያልገባን ሰው ግንባሩን ትለዋለች። እሱ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እጅ እየነሳኋት ነው የምገባው ይላል። መደርደሪያው ላይ ካውያ፣ ራዲዮ፣ ማራገቢያና የግድግዳ ሰዓት ተራ ይጠብቃሉ። «ይቺን ከማሠራ አዲስ ብገዛስ» ያለውን ሰው፣ እናቱን ከቤት ላስወጣ ያለ ይመስል ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ዕቃዋን ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ «ገና ትተነፍሳለች» ይላል።

ደግሞ ይዘፍናል። ብየዳው ሲጨስ ይዘፍናል፤ ብሎን ሲጠፋበትም ይዘፍናል። ሌሎች ጠጋኞች ቴፕ ሠርተው መቅዳቷን ሲፈትሹ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይሉባታል። ይህን እሱ ንፉግነት ይለዋል። ከሞት ለተመለሰች ቴፕ ቁጥር አይነገራትም ብሎ፣ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጭኖ ያዜምላታል። ለዚሁ የለያት፣ ቀይ ክር የታሰረባት አሮጌ ካሴት አለችው።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ቴፓቸውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ልጆቻቸው አዲስ ማጫወቻ ገዝተው፣ ይቺን ይጣሏት ብለዋቸዋል። ውስጧ ባለው ካሴት ላይ ግን ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር አለች። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋ ሌላ የትም የለም።

«ከነልጇ ነው ያመጣሁልህ፤ እንዳትነጣጥላቸው» አሉት።

እናትም ልጅም በደኅና ይወጣሉ ብሎ አሳቃቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ የላላውን ላስቲክ ቀየረ፤ ውስጧን በጥጥ ጠራረገ። ሞተሯ ማጉረምረም ስትጀምር ደስታው ልኩን አለፈ። የእትዬን ካሴት አውጥቶ ባለቀይ ክሯን ሳያስገባ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ፤

የሄድሽበት መንገድ ሣሩ በቀለበት፣
ዓይኔ ብቻ ቀረ የሚመላለስበት።

ደጋግሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልቡ እስኪጠግብ ዘፈነው። ከዚያ መልሶ አጫወተው። የራሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሲያበቃ ቀጭ አለና የውኃ መንቦጫረቅ ተሰማ፤ ባልዲ ተገፋ፤ አንዲት ሴት ከእንጉርጉሮዋ መሐል ብቅ አለች። ጅማሬው የለም።

ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሰበረውን ሲጠግን ኖሮ፣ ዛሬ ራሱ ሰበረ፤ የሚበየድም፣ ብሎኑ የሚጠብቅም ያልሆነ ነገር።

ሚስቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ፊቱን አይታ አወጣጣችው። ካሴት ያረጃል፣ አርጅቷል በላቸው አለችው። ግን የራሱ ድምፅ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ቀዩን ቁልፍ ዳግመኛ ተጫነ። ማይክሮፎኗን በመዳፉ ደፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የዘፈነውን ያህል ጊዜ ዝም አለ። ዝምታ ሲቀዳ የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ በማግስቱ መጥተው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ቴፗ ሽሽሽ ትላለች እንጂ ሌላ የለም። «መጀመሪያው አርጅቷል መሰለኝ» አላቸው፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ከዚያ ውኃው መጣ፤ እህትየዋም መጣች። እትዬ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉንም ያጠፋብኝ ነበር። አንተ ይህን አተረፍክልኝ። እጅህ ይባረክ» አሉት።

ምርቃቱ እንደ ጋለ ብየዳ እጁ ላይ አረፈ።

ቴፓቸውን አቅፈው ከመንገዱ ጥግ ሊታጠፉ ሲሉ፣ ሱቁን ክፍት ጥሎ ሮጠ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መጎንበስ ረስቶ ግንባሩን ተመታ። ግንባሩን በእጁ እንደያዘ ደረሰባቸው።

«እርጅና አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ። ዘፈንኩበት። ደግሞ እንዳያውቁብኝ አጠፋሁት።»

ሰው በአጠገባቸው ያልፋል፤ እሳቸው ቆመዋል። ምን እንደዘፈነ ጠየቁት። ስንኞቹን ያለ ዜማ፣ ክፍል ፊት እንደቆመ ተማሪ ነገራቸው።

«እሱን እንኳ ምነው በተውከው» አሉ። «የሰው ድምፅ ነበር። እህቴ ተከትላህ ትገባ ነበር።»

ቴፗን ወደ ደረታቸው ጠበቅ አድርገው ሄዱ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም፤ ደንበኛ ግን አልቀየሩም። ካውያቸውንም፣ የስፌት መኪናቸውን ሞተርም እዚያው ያመጣሉ። ሐኪሙ አሁን የሰው ካሴት ሳያወጣ ዕቃ አይነካም። ሲፈትሽም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፤ ደረቅ ባለ ድምፅ።

እትዬ በርጩማዋ ላይ ሆነው ያዳምጡታል። «ዛሬም ቁጥር ነው? ዘፈኑስ?» ይሉታል።

እሱ ብየዳው ላይ አቀርቅሮ፣ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ ይላል።