ሐጂ ስለ እናቴ ሲጠይቁኝ

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ስለሚሻል ነው፤ መካነ ሰላም በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ጋር ዳማ ተጫውቼ ሃያ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፌያለሁ። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም። በረንዳው ላይ የሚቀመጡት ሥራ ፈቶች ናቸው የቆጠሩልኝ። አንዱማ፣ ከከላላ ማር ይዞ የሚመጣ ነጋዴ፣ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ «መምህር፣ ስንት ደረሱ?» ይለኝ ነበር።

ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበርኩም። ማንንም በማላውቅበት አገር ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ሰዓት የምገፋው ስልኬ ላይ ዳማ በመጫወት ነበር፤ ስልኩንም እረታዋለሁ። አንድ ቀን በዚያ በረንዳ ሳልፍ ሰዎች ካርቶን ላይ በተሰመረ ገበታ ቆርኪ ሲገፉ አየሁና ቆምኩ። ሽማግሌው፣ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉና «ና ተቀመጥ፤ ቆሞ ማየት ለእግርም ለዓይንም አይሆን» አሉኝ። ከመጣሁ ከወር በላይ ሆኖኝ ነበር። በዚያች ከተማ ተቀመጥ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

የበረንዳው ሕግ ሁለት ነው። የተሸነፈ ተነስቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። መብላት እየቻለ ሳያይ ያለፈ ደግሞ ሊበላበት ይገባ የነበረውን ቆርኪ ይቀማል። ስልኬ የሚበላ ሲኖር በቀለም አብርቶ ያሳየኛል፤ በረንዳው ላይ የሚያበራልኝ የለም። ሐጂ ቆርኪዬን አንስተው ጭናቸው ላይ ካስቀመጡት በኋላ ነው የሚገባኝ። «አብሽር መምህር» ይሉኛል። ሰዉም ተቀብሎ «አብሽር! አብሽር!» ይላል። ወሎዬ ለሐዘንተኛም ለዳማ ተሸናፊም የሚለው ይኸንኑ ነው።

እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም፤ ፊቴ ይቀላል፣ እጄ ይፈጥናል፣ ዓይኔ ይዘገያል። ከሃያ ሦስተኛው በኋላ ለአንድ ሳምንት ወደ በረንዳው አልሄድኩም። ቆርኪ ለቃቅሜ፣ የካርቶን ጀርባ አስምሬ፣ እሑድ ከሰዓት በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከራሴ ጋር እጫወት ጀመር። የአንዱን ወገን አልጋው ላይ ሆኜ እገፋለሁ፤ ተነስቼ በርጩማው ላይ እቀመጥና የሌላውን እገፋለሁ። አንዳንዴም «አይ፣ እሱማ አይሆንም!» እያልኩ ራሴን እገስጻለሁ። አከራዬ በር ላይ ቆመው «እንግዳ መጣብህ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ብቻዬን ነኝ» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ።

የተሸነፍኩባቸውን ጨዋታዎች ከትዝታዬ እየደረደርኩ ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። ሁልጊዜ የምበላሸው መሃል ላይ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የምናገረው ስለ እናቴ ነው። ሐጂ ነገሩ ሲጠብቅ መነጽራቸውን ገፋ ያደርጉና «እናትህ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። እኔ ያ ጥያቄ ሲመጣልኝ ሌላውን እረሳለሁ። ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ከጎረቤቷ ጋር በዶሮ ተጣልተው በዶሮ እንደታረቁ፣ ስልክ ስታወራ ገደል ማዶ ያለ ሰው የምትጠራ ይመስል እንደምትጮህ እተርካለሁ። ሌላ የሚጠይቀኝ አልነበረምና አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። ስጨርስ የሐጂ ቆርኪ የገበታው ጫፍ ደርሶ ነግሧል፣ እኔ «አብሽር» ተብያለሁ።

በገዛ እናቴ አታለው ይበሉኛል ብዬ ደሜ ፈላ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ቀላል ሆነ። ተመልሼ ሄድኩ። ጨዋታው ሲጠብቅ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ናት» አልኩና ዓይኔን ከገበታው ሳልነቅል ቀረሁ። የምበላው በሁለት በኩል ነበር። የግራውን ብበላ ሦስት ቆርኪዬን ጠርገው ሊነግሡ ነው። የቀኙን በላሁ። ሐጂ ገበታውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ማሻ አላህ» ብለው ተነሱ። ማር ነጋዴው በደስታ በርጩማ ገለበጠ። በዚያ ቀን እስክንበተን ድረስ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ማሸነፍን ልማድ አደረግሁት። ስናደድ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስከ አስር መቁጠር፣ ከመግፋቴ በፊት የሚበላ መኖሩን መፈለግ፣ መልሴን በአንድ ቃል መጨረስ። ሐጂ ስለ እናቴ ሁለቴ ጠየቁኝ፤ ሁለቴም አልሐምዱ ሊላህ አልኳቸው። ከዚያ ተዉት። ሌሎቹም ማሾፋቸውን ተዉ፤ ለአሸናፊ አብሽር አይባልም። ገበታው ዙሪያ የሚሰማው የቆርኪ ድምፅ ብቻ ሆነ። እኔ ወንበሩን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሰዎቹ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ተነስተው ጥግ ላይ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። እውነቱን ልናገር፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ስሸነፍ እንደዚያ ብቸኛ አልነበርኩም።

ኔትወርክ ብቅ ጥልቅ በሚልበት፣ የደሴ መንገድም በተዘጋበት ሰሞን፣ እህቴ ደወለች። እናታችን ወድቃ አልጋ ይዛለች፤ ቃል ሲወጣት ደግሞ ስለ እኔ ትጠይቃለች። ከዚያ በላይ ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነም። መናኸሪያ ሄድኩ፤ መኪና የለም። እግሬ ወደ በረንዳው ወሰደኝ።

ሐጂ ጋር ተቀመጥኩ። መናገር ፈልጌ ነበር፤ ግን ከየት ይጀመራል? ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም። ጨዋታው ጠበቀ። በወሬ ቢያዘናጉኝ በሚጠቅማቸው ቦታ ሆን ብዬ ቆርኪዬን አጋለጥኩ፤ አሁን ይጠይቁኛል አልኩ። ሐጂ ቆርኪዋን አይተው ወጥመድ ጠረጠሩ መሰለኝ፣ እሷን ትተው በሌላ በኩል የነበረችውን በሉ። እዚያ ላይ ተበላሸባቸው። ሳልወድ አሸነፍኩ፤ የመጨረሻ ቆርኪያቸውንም አነሳሁ።

በሕጉ መሠረት ሐጂ ሊለቁ ተነሱ።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ስለ እናቴ አይጠይቁኝም?»

ሐጂ በቆሙበት ዞረው አዩኝ። «ስጠይቅህ አልሐምዱ ሊላህ ብቻ ትለኝ ጀመር። ሰው ስለ ቤቱ ማውራት ሲተው፣ አንድም ከፍቶታል፣ አንድም አላመነኝም ብዬ ተውኩት።»

«ልቤን ከጨዋታው ሊያርቁ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።»

«ዬ መምህር!» አሉ። «አንተን ለመርታት ደግሞ እናትህን ምን አስቸገረኝ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ዓይኔን እንባ ሞላው። ሐጂ አልሳቁም። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ፊት ለፊቴ ሳይሆን አጠገቤ፣ አግዳሚው ላይ።

«በል እሺ፣ እናትህ እንዴት ናቸው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ዓይኔ ወደ ገበታው ሄደ። ዓይኔን ወጥመድ ሲፈልግ ያዝኩት። ገበታው ላይ የቀሩት የእኔ ቆርኪዎች ብቻ ነበሩ።