እንሰት መፋቂያውና ረቂቅ አዋጁ

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ፉሪ ቤት ከሠራን በኋላ ግቢያችን ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንሰት የሚፍቅ ማሽን ሠራ። ምክንያቱ የጉልበቴ ሕመም ነበር። ልጅ ሆኜ መሬት ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን አንስቼ ግንዱን ጣውላው ላይ በተረከዜ ይዤ ስፍቅ ነው ያደግሁት። ታናሽ እህቴ አገር ቤት ቀርታ እስከ ዛሬ እንዲያ ትፍቃለች።

ማሽኑ ይሠራ ነበር። ቃጫውን ሳይበጥስ ለቆጮ የሚሆነውን ለይቶ ያወጣል። የእህቴ ልጅ መጥታ ስታየው፣

“ጋሼ፣ ይሄን ጭኜ ልሂድ። እናቴ ወገቧ አልቋል” አለችው።

“አዋጁ ይውጣና ትወስጃለሽ” አላት።

በሬዲዮ ሰምቶ ነበር። የፈጠራ ሥራን የሚመራ አካል የሚያቋቁምና የባለሙያውን መብት የሚያስከብር ሕግ እየተረቀቀ ነው ተብሏል። እሱ ደግሞ አንዴ ሥራውን የተነጠቀ ሰው ነው። ፋብሪካ ሳለ የሠራውን ክር መቁረጫ አንድ አለቃው በራሱ ስም አቅርቦ ተሸልሞበታል። ስለዚህ የቢላዎቹን አቀማመጥ ለማንም አያሳይም ነበር። ማሽኑን ባጠፋ ቁጥር ቢላዎቹን ፈትቶ በጨርቅ ይጠቀልላል። መልሶ ሲገጥማቸው እኔንም ያስወጣኛል።

“አንቺ ሆድሽ ባዶ ነው፤ ለእህትሽ ልጅ ትነግሪያታለሽ” ይለኛል። እወጣለሁ።

ወረዳው በረቂቁ ላይ ውይይት ሲጠራ አብረን ሄድን። ዓይኑ በግላኮማ ደክሞ ስለነበር የታደለውን ወረቀት በጆሮው አነበብኩለት። ከኋላችን የተቀመጠ በያጅ፣ “እማማ፣ ጮክ ይበሉ እንጂ፣ እኛም መነጽር ረስተናል” አለ። ሰው ሳቀ።

ባለቤቴ ተነስቶ አዋጁ መቼ እንደሚጸድቅ ጠየቀ።

“አባባ፣ ገና ረቂቅ ነው” አለ መድረኩ ላይ ያለው ወጣት ኃላፊ። “እስከዚያው ሥራዎን ከነሥዕሉ፣ ከነማብራሪያው ያስገቡልን።”

“ሳይጸድቅ ካሳየሁማ ምኑን ትጠብቁልኛላችሁ?”

“እውነታቸውን ነው!” አለ በያጁ። “በርህን ክፈትና ተኛ፣ ዘበኛው ነገ ይቀጠራል እንደማለት እኮ ነው!”

ቤት ስንገባ ለእኔ እንዲነግረኝና እንድጽፈው ለመንኩት። እሺ አለ። በእጁ እየዳሰሰ ስለ ሞተሩ፣ ሞተሩ ስለሚያሽከረክረው ቺንጋ፣ ቢላዎቹ ስለሚገጠሙበት ከበሮ ነገረኝ፤ በደብተር ጻፍኩ። ቢላዎቹ ጋ ስንደርስ እጁን ሰበሰበ።

“እሱን ቦታውን ክፍት ተይው። አዋጁ ሲወጣ ይሞላል።”

ግማሽ ገጽ ክፍት ተውኩ። እንደዚያው አስገባነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢላዎቹን ገጥሟል፣ በጣቱ እየለካ። ሁለቱንም ጊዜ አስወጣኝ። የክፍሏ በር አይገጥምም፤ ቆሞ ማየት ለፈለገ ሰው ሁሉም ነገር ይታያል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ አጠብኩ። አትይ ያለኝን ሰርቆ ማየት ነውር መሰለኝ።

ክረምት ላይ አረፈ። ረቂቁ ያኔም ረቂቅ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ የእህቴ ልጅ አንድ መካኒክ ይዛ መጣች። ጨርቁን ፈትቼ ቢላዎቹን ሰጠኋቸው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲገጥምና ሲፈታ ዋለ። ግንድ በከተቱበት ቁጥር ቃጫው እየተቆራረጠ ከቆጮው ጋር ተደባልቆ ወጣ። ለሰውም ለከብትም የማይሆን ነገር። በመጨረሻ ራሷ ሞተሩን አጠፋችው።

“አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሲገጥም አላዩትም?”

“አላየሁም” አልኳት።

አላመነችኝም መሰለኝ። ማሽኑን ሳትወስድ ሄደች። እህቴ ስትደውል ስለ ማሽኑ አታነሳም፤ ግንድ ለመፋቅ ስለምትቀመጥበት ሰዓት ብቻ ትነግረኛለች፣ ከዚያ ቀደም ብዬ እንድደውል።