ካውቦዩ እናት የለውም?

አዲስ አበባ ስማር የካውቦይ ፊልም ያላየሁበት ሰንበት አልነበረም። ማየት ብቻ አይደል፣ የመመረቂያ ጽሑፌንም የጻፍኩት በእነሱ ላይ ነው፤ ጀግናው ብቻውን ይመጣል፣ ይገድላል፣ ብቻውን ይሄዳል፣ ይኸም የአገሩ ተረት ነው ብዬ። መምህሬ ወደደልኝ። እኔም ተረት የሰው አገር ነገር ብቻ መስሎኝ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ መምህር ሆኜ መጣሁ።

በሁለተኛው ዓመት ታላቅ ወንድሜን ስማዳ ላይ በወሰን ጠብ ገደሉት። እናቴ ከል ለብሳ እኔ ዘንድ መጣች። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲመላለሱ "ልጅ አለኝ" ብቻ ትላቸዋለች። ደም መላሹ ልጅ እኔ ነኝ። ጠመንጃ ይዤ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሰዉ ሰላምታ ሲሰጠኝ እንኳ የሚያየው ባዶ ትከሻዬን ነበር። መግደሉም አለመግደሉም እኩል ታከተኝ።

አንድ የገበያ ቀን ፊልም የሚያሳይ የመንግሥት ላንድሮቨር መጣ። የትምህርት ቤቱን አንድ ክፍል መስኮት በጋቢ ጋረድን። ስለ ጤና አጠባበቅ አሳየና በምርቃት መልክ ካውቦይ ጨመረ። ተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ እናቴም ሽማግሌዎቹም ከፊት ተቀምጠዋል። ጀግናው ጠላቱን ጣለና ፈረሱን ወደ በረሃ ነዳ። "አለቀ" አልኩ።

የተነሣ የለም።

"ምኑ ነው ያለቀ?" አሉ ከአስታራቂዎቹ አንዱ፣ አንድ ቄስ። "የሟች ወንድም የታል? ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ደሙ አልደረቀ። የቀረውን ያሳየን በለው።"

ባለፊልሙ የቀረ የለም ቢል ማን ይመነው። እንዲህ ያለ ነገር በእንጥልጥል አይቀርም፣ ሸሽጎን ነው ብለው ቁጭ አሉ። ሸራው ሲጠቀለል እንኳ ይጠብቁ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣብኝም።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ "ያ ልጅ እናት የለውም?" አለች።

"ፊልሙ ላይ የለችም።"

"ብትኖርማ አንዱን ቀብራ፣ ሌላውን በረሃ ሰዳ ምን ይቀራታል?"

ስለ ካውቦዩ እንዳልሆነ ገብቶኛል። መልሱ ግን ከእኔ አፍ ከወጣ ፍርሃት ይባላል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌዎቹን "ይምጣ" አለቻቸው። ገዳዩ እንደ ደንቡ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፋችን ተንበረከከ። "ይቅር ለእግዜር" እስክትለው ድረስ አይነሣም። ቃሉ ግን አልወጣላትም። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሄዳ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለት።

"ተነሣ፤ እናትህ ትጠብቅሃለች" አለችው።

እኔ እንግዶቹ ሳይሄዱ፣ መደቡ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ የራቀኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።