ነፋሱ የት ገባ?

በደርግ ጊዜ፣ ልደታ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል ውስጥ ሥራዬ ነፋስ መለካት ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ሰው ይስቅብኛል፤ ያኔም ይስቅብኝ ነበር። እናቴ እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት «መንግሥት ቤት ነው የምትሠራው» ብላ ወሬውን ታሳጥረው ነበር። አጥብቀው ከያዟት «ቴክኒሻን ናት» ትላለች። ነፋስ የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

ሕንፃውን የሠሩት ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። መስኮት አይወዱም መሰለኝ፣ ያሉትም ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። በመስኮት ፋንታ ምድር ቤት አንድ ትልቅ ማራገቢያ ተክለው፣ አየሩን በቆርቆሮ ቱቦ በየኮርኒሱ ሥር እያሳለፉ ወደየክፍሉ ላኩት። ቱቦው የሚያበቃበት ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ወንፊት አለ፤ አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው። ሲሄዱ አጠቃቀሟን ያስተማሩኝን አንዲት መለኪያ ለእኔ ትተውልኝ ነበር። የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ቀለበት ውስጥ ትንሽዬ ማራገቢያ አለች፤ ከጎኗ መርፌ አለ። ወንፊቱ ላይ ስደግናት ነፋሱ ይዘውራታል፣ መርፌውም ፍጥነቱን ይናገራል። ሠራተኛው «ወፍጮዋ» ይላታል። አንድ የሒሳብ ክፍል ሽማግሌ ደግሞ ባዩኝ ቁጥር አስቁመውኝ እፍ ይሉባትና «እንዴት ነኝ?» ይሉኛል። «ደህና ነዎት» እላቸዋለሁ። አመስግነው ይሄዳሉ።

ባለሙያዎቹ ሁሉን ነገር አስበው ነበር፤ እኛን ግን አላሰቡንም። እኛ አገር ጦር ሜዳ ውሎ የመጣ ወታደር እንኳ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈትበት ይቆጣል። ነፋስ ወገብ ይይዛል፣ ጆሮ ይመታል፣ አፍ ያጣምማል። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማጅራታችን ላይ ነፋስ ሊነፉብን ቱቦ ዘርግተው ሄዱ። ስለዚህ መጀመሪያ አንዲት ታይፒስት ከራሷ በላይ ያለውን ወንፊት ፈታ ሹራቧን ወተፈችበት። ነፋስ መቼም እንደማያፍር እንግዳ ነው፤ አንዱ ቤት ሲዘጋበት ወደ ጎረቤት ያልፋል እንጂ አይመለስም። የጎረቤቷ ክፍል ነፋስ በረታ፣ እዚያ ያለውም ወተፈ። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ባሰ፣ እሱም ወተፈ። ሁሉም በየግሉ፣ ለማንም ሳይናገር፣ እንደ ብልህ ነገር አድርጎ። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ምክንያቱም ለኪ የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ወፍጮዋን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ሥራ አልነበረኝም።

ነገሩ የተጀመረው በውይይት ቀን ነው። በየሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ ይወያያል፤ ውይይት ማለት የውይይት ክበቡ ሊቀመንበር ያነባል፣ እኛ እንሰማለን። በዚያ ቀን አዳራሹ እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። ሊቀመንበሩ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነና ከነመጽሐፉ ዘፍ አለ። አየር ማጣት ይጣለው ያነበበው ነገር፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ውሃ ተረጭቶበት ሲነቃ ግን የመጀመሪያ ቃሉ «አሻጥር ነው!» የሚል ነበር።

ሳቄ እዚያው ደረቀ። በዚያ ዘመን አሻጥር ከተባለ አሻጥረኛ መገኘት አለበት። የአየር አሻጥረኛ ደግሞ ሩቅ አይፈለግም፤ ምድር ቤት ማራገቢያውን የሚያስነሱት ሰውዬ አሉ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ፣ የብዙ ልጆች አባት፣ ጠዋት ማሽኑን አስነስተው፣ ግራሶ ቀብተው፣ ቺንጋውን ዳብሰው ማታ የሚያጠፉ ዝምተኛ ሰው። ኮሚቴ ተቋቋመና ጠራቸው።

«ለምንድነው አየር የማይወጣው?» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«እኔ እነፋለሁ ጓድ» አሉ። «የት እንደሚገባ አላውቅም።»

መልሱ እንደ ንቀት ተቆጠረ። እኔ ክፍሎቹን ሁሉ ለክቼ ዓርብ ለኮሚቴው እንዳሳይ ታዘዝኩ። አየር ካልተገኘ ሰውዬው «ለሚመለከተው አካል ይተላለፋሉ» ተባለ።

በማግስቱ ሰውዬው፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ አንድ ንጹሕ ጋቢ በሲባጎ አስረው ይዘው መጡ። መሐሉ ሳሙናና ካልሲ ጠቅልለዋል። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ከወንበራቸው በላይ አንድ ወንፊት ነበረች፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን ማሽን ነፋስ መዝጋት ነውር መስሏቸው ከፍተዋት ይቀመጣሉ። ነፋሱ ወገባቸውን ይቀጠቅጣቸዋል፣ ጋቢውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ይንቀጠቀጣሉ።

«ጋሼ፣ ይልበሱት እንጂ!» አልኳቸው።

«ይሄ ለእዚያ ነው ልጄ። እዚህ ካቆሸሽኩት እዚያ ምን እለብሳለሁ?»

እዚያ ማለት እስር ቤት ነው። ሊሸሹ አልሞከሩም፣ ሊከራከሩም አልፈለጉም፤ ጋቢያቸውን ብቻ አዘጋጁ። አንጀቴን በሉት። ደሜም ፈላ።

መጀመሪያ የገባሁት ታይፒስቷ ክፍል ነው። ወፍጮዋን ወንፊቱ ላይ ደገንኩ፣ ንቅንቅ አላለችም። ካቻቢቴ አውጥቼ ወንፊቱን ፈታሁት፤ ሹራብ ወጣ።

«ይሄ የማነው?»

«ውይ፣ አገኘሽልኝ?» አለችኝ። «ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ!»

«ሰው ሊታሰር ነው እኮ!»

ፊቷ ተለዋወጠ። በሩን ዘጋችና «ስሚ» አለችኝ፣ «እኔ የወተፍኩት ከላይ ካሉት የሚመጣው ነፋስ ስለባሰብኝ ነው። እነሱን ጠይቂ።» ከላይ ያሉት ከታች ባሉት አመካኙ፣ የግራዎቹ በቀኞቹ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ከየወንፊቱ ያላወጣሁት ነገር የለም፦ ጋዜጣ፣ የዱቄት ጆንያ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ከአዳራሹ ደግሞ የጠረጴዛ ጨርቅ። ከሊቀመንበሩ ቢሮ ከሰልፍ የተረፈ ቀይ ጨርቅ ወጣ፤ «ወደፊት» የሚለው ጽሑፍ ወደ ቱቦው ዞሮ ነፋሱን አግዶታል። እሱን መልሼ ከተትኩት።

በንዴት አንዱን ኮሪደር ሙሉ በሙሉ ነቅዬ አጸዳሁት። ከምሳ መልስ ሳየው ተመልሶ ተወትፏል፣ ያውም ከበፊቱ ጠብቆ። አንዱን ሰው ብናገር ሁሉንም መናገር ነው፤ ሁሉንም ብናገር ሕንፃው ሙሉ አሻጥረኛ ሊሆን ነው፣ ኮሚቴው ራሱ ሳይቀር። ዝም ብል ጋሼ ጋቢያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ስጠርግ አንድ ነገር መጣልኝ፦ ማሽኑ እየነፋ ነው። ይሄ ሁሉ ክፍል ከተዘጋ፣ ነፋሱ የት ገባ?

ቱቦውን በዓይኔ እየተከተልኩ ሄድኩ። የመጨረሻው ጫፍ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ነው። በሩን ስገፋው ከውስጥ ሰው የያዘው መሰለኝ። በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ ነፋሱ ሻሼን ገፎ ወሰደው።

የቅበላ ሳምንት ነበር፤ ሁዳዴ ሰኞ ሊገባ ነው። ሠራተኛው ተዋጥቶ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ተካፍሎ ነበር። የተረፈው ሥጋ ለፋሲካ ቋንጣ እንዲሆን ዕቃ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ በገመድ ተሰቅሏል። ከወንፊቱ የሚወጣው ነፋስ ቋንጣውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጋድሞት፣ አንዱም ወደ መሬት የሚያመለክት አልነበረም። መሐል ላይ ዕቃ ቤት ጠባቂዋ እትዬ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተው፣ ራሳቸውን በነጠላ ጠምጥመው ተቀምጠዋል።

«እትዬ! ይሄ ምንድነው?» ብዬ ጮህኩ፣ በነፋሱ ምክንያት።

«በረከት ነው ልጄ!» ብለው ጮሁ እሳቸውም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ጠጋ አሉኝ። «ይሄ ክፍል ቋንጣ ባንድ ቀን ያደርቃል። የልደታ ሥራ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ። የሁሉም ሰው እዚህ ነው፤ ያ ከበሩ ጋ ያለው የሊቀመንበሩ ነው።»

«እርስዎን ነፋሱ አይመታዎትም?»

«ይመታኛል እንጂ! ግን ብዘጋው ቋንጣው ይበሰብሳል።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እነሆ የሕንፃው ሎሚ ሁሉ አንዲት ሴትዮ ጭንቅላት ላይ ወድቆ ነበር። ወፍጮዋን ስደግናት እንደ ፉጨት ጮኸች፤ መርፌዋ የቁጥሩ ጠርዝ ላይ ሄዶ ተለጠፈ።

ዓርብ ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት እፍ ባዩ የሒሳብ ሽማግሌ፣ ከበላይ አካል የተላከ ካኪ የለበሰ ካድሬ። ከኋላ ጋሼ ጋቢያቸውን ታቅፈው ይከተላሉ። ክፍል በገባን ቁጥር ወፍጮዋ ዝም፣ ካድሬው ወደ ጋሼ ዞር ይላል፣ ጋሼ ጋቢውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ሊቀመንበሩ ቢሮ ስንደርስ ካድሬው «ይሄ ወንፊት ይፈታ» አለ።

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። ሊቀመንበሩን አየሁት፣ አየኝ። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል።

«ጓድ» አልኩ ለካድሬው፣ «ከመፍታቴ በፊት አየር ያለበትን ቦታ ላሳይዎት?»

«አዎ! እሱን እንይ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ቀድሞን እየወጣ።

ዕቃ ቤቱን ስከፍተው ነፋሱ የካድሬውን ቆብ ነጥቆ ቋንጣ ላይ ሰቀለው። ወፍጮዋን አነሳሁ፤ ጮኸች። ካድሬው በባዶ ራሱ ቆሞ «ይሄ ሁሉ ነፋስ የማነው?» አለ።

«የሕንፃው ነው ጓድ። በሙሉ እዚህ ነው።»

«አልጠፋም እንግዲህ» አለ ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ፣ «ተከማችቶ ነው።»

«ያከማቸውስ ማነው?»

አሁን ደግሞ እትዬ የአየር አከማቺ ሊሆኑ ነው። እትዬ ግን ምንም እንዳልሰሙ ሁሉ ከገመዱ ላይ አንዲት ዘለላ ቋንጣ ቆርጠው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። «እስቲ ቅመሱልኝ ጓድ።»

ዓርብ ነው። የጾም ቀን። ካድሬው እጁን ሊዘረጋ ብሎ መሐል ላይ ቆመ። እኔ አየሁት፤ ሁላችንም አየነው። እናቱ ያስለመደችው ዓርብ እጁን ያዘው። አልበላም ቢል ደግሞ ካድሬ ሆኖ ጾመኛ መሆኑን በሠራተኛው ፊት ማወጅ ነው። ወሰደና ጎረሰ። እትዬ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ፤ እሱም ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሽማግሌው ጸሐፊ «እኔ ጥርስ የለኝም» ብለው አመለጡ። ሁለቱ ጓዶች ነፋሱ መሐል ቆመው ለረጅም ጊዜ አላመጡ። ቋንጣ ቶሎ አይዋጥም፤ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ዕቃ ቤቱን የወንጀል ቦታ ማለት ይከብዳል፣ ማስረጃው ሆዳቸው ውስጥ ነው። እትዬ ሆን ብለው ይሁን ለእንግዳ ሲሉ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብጠይቃቸው «ነፋስ ስለነበር አልሰማሁም» ነው መልሳቸው።

«የማነው ቋንጣው?» አለ ካድሬው በመጨረሻ።

«የሠራተኛው ነው። የጋራ» አልኩ።

ጸሐፊው ጎንበስ ብለው ጻፉ፦ አየሩ በሙሉ ተገኝቷል፤ ለሠራተኛው የጋራ ጥቅም ውሏል። ካድሬው ፈረመ፣ ቆቡን ከቋንጣው መሐል አወረደና ሄደ። ጋሼ ግን እዚያው ቆመው ቀሩ፤ አልገባቸውም። «ታዲያ ዛሬ ነው የምሄደው?» አሉኝ። «የትም አይሄዱም ጋሼ» ስላቸው ጋቢውን የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስል ከክንድ ክንድ እያዘዋወሩት ወደ ማሽናቸው ወረዱ።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ጠዋት የማራገቢያው ድምፅ ከብዶ ተሰማኝና ወፍጮዋን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዘና ብለው ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ ያለው ወንፊት ላይ ደገንኩ። ወፍጮዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዕቃ ቤቱ ሌላ በሕንፃው ውስጥ ሳይዘጋ የቆየው ያ ወንፊት!

ፈታሁት። ንጹሑ ጋቢ ተጣጥፎ ከነሲባጎው ገብቷል።

«ወገቤን ገደለኝ እኮ ልጄ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። «እሱም አሁን ለምንም አያስፈልገኝም።»

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ጋቢውን ጠበቅ አድርጌ ወደ ውስጥ መለስኩት፣ ወንፊቱን ገጠምኩ፣ ብሎኖቹን አሰርኩ። ያን ቀን መለኪያ ደብተሬ ላይ ዜሮ ስጽፍ ደስ አለኝ።